ቦራ አልነሳም ያለች ዕለት

…አይደለም እታለም፣ እኔ ተኝቼ አይደለም። እኔማ ዶሮ ሳይጮህ ነው የተነሳሁት። ያልተነሳችው ቦራ ናት። አዎ፣ የአያ ደምለው ቦራ፣ ቀይዋ ፒክ አፕ፣ ኮፈኗ ብቻ ነጭ የሆነችው። ሌላ ምን መኪና አለ እዚህ አገር? አይሱዙው በገበያ ቀን ብቻ ነው የሚመጣው። ባጃጁም ዳገቱን ሲያይ ከድልድዩ ይመለሳል። አውቃለሁ፣ የዓይን ሐኪሞቹ ዛሬ ማታ እንደሚሄዱ አውቃለሁ። አንቺ እዚያ ሆስፒታሉ በር ላይ ወረፋ ይዘሽ ቆመሻል፣ እኔ እዚህ ቆሜያለሁ። በቃ ሁለታችንም ቆመናል። አሁን ዝም ብለሽ ስሚኝ፣ ከትናንት ጀምሮ የሚሰማኝ ሰው አጥቼ ጉሮሮዬ ደርቋል።

እኔ ምን ፈለግሁ? አንዲት ነገር። እማ ከተማ ደርሳ የዓይኗን ሞራ እንዲገፍፉላት። መሬት ስጡኝ አላልኩ፣ ሹሙኝ አላልኩ። እሷ ደግሞ ትናንት በጠዋት ተነስታ፣ ያቺን አጥባ ያስቀመጠቻትን ነጠላ አጣፍታ ደጅ ላይ ቁጭ ብላለች። «መጣች?» ትለኛለች። እየመጣች ነው እላታለሁ። ዓይኗን እንጂ ጆሮዋን ማን ያታልለዋል። «የሞተር ድምፅ አልሰማሁም» ትለኛለች።

እና ትናንት ድንጋይ ካባው ላይ መጫኑን ትቼ፣ አለቃውን ለምኜ፣ አያ ደምለው ግቢ ሄድኩ። ቦራ ግራሩ ስር ቆማለች። በሯ በሽቦ ታስሯል፣ ዶሮዎች ኋላዋ ላይ እንቁላል ይጥሉባታል። ከኔ በፊት የተወለደች ናት፣ ካንቺም በፊት። አያ፣ እማን ከተማ አድርስልኝ አልኩት። ግድግዳውን አሳየኝ። ራዲያተሩ ወልቆ እንደ ከበሮ ተሰቅሏል፣ ስሩ ተቀዷል። ውሃ ሳትይዝ ካስነሳኋት ሞተሯ ይቃጠላል አለኝ። ይኸው እንግዲህ፦ ራዲያተሩ ውሃ አልይዝም አለ፣ ቦራ አልነሳም አለች፣ እማ ነጠላዋን አጣፍታ ደጅ ላይ ተቀምጣለች።

እሺ ብዬ ራዲያተሩን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ በያጁ አንማው ጋ ሄድኩ። አንማውን ታውቂው የለ፣ ከኔ ጋር የተማረው። ማለቴ ከኔ ጋር ትምህርቱን የተወው። መብራት ከጠፋ ሰንብቷል፣ ማሽኑ ላይ ድመት ተኝታበታለች። በወናፍ እሳት ነፍተን፣ እርሳስ አቅልጠን እንድፈነው አልኩት። ይቻላል አለ። ደስ ብሎኝ ልቀመጥ ስል ከሰል ግን የለኝም አለ። በእንጨት አድርገው ብለው፣ እንጨት እኔንም አንተንም ያጨሰናል እንጂ እርሳስ አያቀልጥም አለኝ። ከሰል አምጣና በአንድ ትንፋሽ እደፍንልሃለሁ ይለኛል፣ ደግሞ እኮ እየሳቀ። ምን ያስጨንቀዋል፣ ደጅ ላይ የተቀመጠችው የማን እናት ናት? የኔ እናት። ይኸው፦ እሳቱ ያለ ከሰል አልነድም አለ፣ ራዲያተሩ ያለ እሳት ውሃ አልይዝም አለ፣ ቦራ ያለ ራዲያተር አልነሳም አለች፣ እማ ነጠላዋን አጣፍታ ደጅ ላይ ተቀምጣለች።

ከሰል ያለው እትዬ ጠጅቱ ጋ ነው። ሄድኩ። ሞልቶ ተርፏል አለች። የታለ አልኳት። ገደሉ ስር፣ ወንዙ ዳር ነው፣ እኔን ወገቤ ገደል አያስወጣኝም አለች። እሺ፣ ወርጄ በጀርባዬ ላምጣው አልኳት። ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝና እምቢ አለች። እኔ እኮ እትዬ፣ ጠዋት ማታ ድንጋይ የምሸከም ሰው ነኝ ብላት ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ?

«ድንጋይ ቢወድቅ ያው ድንጋይ ነው። የኔ ከሰል ቢወድቅ ዱቄት ነው።»

የአያ ውበቱን አህያ ይዘህ ና አለችኝ፤ እሱ መንገዱን ያውቀዋል፣ እንደ ሙሽራ ቀስ ብሎ ነው የሚረግጠው አለች። ይኸውልሽ፣ አህያ ከኔ በላይ ታመነ። ከሰሉ ያለ አህያ አልወጣም አለ፣ እሳቱ ያለ ከሰል አልነድም አለ፣ ራዲያተሩ ያለ እሳት ውሃ አልይዝም አለ፣ ቦራ ያለ ራዲያተር አልነሳም አለች፣ እማ ነጠላዋን አጣፍታ ደጅ ላይ ተቀምጣለች።

ምን? ቆይ፣ እደርሳለሁ። አሁን አንማው ራዲያተሩን እየገጠመ ነው። አዎ፣ ተደፍኗል፣ እንዴት እንደተደፈነ ልነግርሽ እኮ ነው። እንዳትቆርጪኝ። ከፊትሽ ስንት ሰው አለ? እሺ። በይ አትነቃነቂ።

አያ ውበቱ ጋ ሄድኩ። አህያው ደጅ ታስሮ ጆሮውን ያወናጭፋል፣ ሥራ ፈት። አያ፣ አህያህን ለግማሽ ቀን አልኩት። ውሰድ ብሎ ገመዱን ሊፈታ ጎንበስ አለ። ዝም ብዬ ብወስድ ምን ነበረበት? አፌ መቼ ያርፋል፣ የአያ ደምለው ቦራ እንድትነሳ ነው አልኩት። ገመዱን መልሶ አሰረው። ጠበቅ አድርጎ ነው ያሰረው። አባቱ ከፋሲካ በፊት ሲሞቱ አያ ደምለው ለቅሶ አልደረሰም። አንድ አጥር ተጋርተው፣ አብረው ጥምቀት ወጥተው፣ አንዱ የሌላውን ልጅ ክርስትና አንስቶ፣ አልደረሰም። አገር ሙሉ መጥቶ እሱ ቀረ። ስለዚህ ለዚያች መኪና የሚሆን አህያ የለኝም አለ።

እኔ ምን አገባኝ? አባቱን እኔ አልገደልኳቸው። ለቅሶውን ደርሻለሁ፣ ንፍሮውንም ተሸክሜያለሁ። አያ ውበቱ አህያ አልሰጥም አለ፣ ከሰሉ ያለ አህያ አልወጣም አለ፣ እሳቱ ያለ ከሰል አልነድም አለ፣ ራዲያተሩ ያለ እሳት ውሃ አልይዝም አለ፣ ቦራ ያለ ራዲያተር አልነሳም አለች፣ እማ ነጠላዋን አጣፍታ ደጅ ላይ ተቀምጣለች።

ተመልሼ አያ ደምለው ጋ። እግሬ እኮ ሊወልቅ ደርሷል። አያ፣ በእግዜር ተነስና ሰውዬውን ደርሰህ እግዜር ያጥናህ በለው፣ ይኸው አጥሩን ዞረህ ነው አልኩት። አንገቱን ደፋ። ነገሩ ለካ ሌላ ነው። በዚህ አገር ሰው ሲሞት ድንኳኑን የሚጭነው ማነው? ቦራ ናት። አግዳሚውን፣ በርሜሉን፣ ብረት ድስቱን፣ ሁሉን ቦራ ናት የምታደርሰው። የአያ ውበቱ አባት የሞቱ ቀን ድንኳኑን ጭኖ ሊወጣ ሲል ራዲያተሩ ፈነዳ። ውሃዋ ግቢው ውስጥ ፈሰሰ፣ ድንኳኑ እላይዋ ላይ ቀረ፣ ለቀስተኛው ፀሐይ ላይ ዋለ። አያ ደምለው አፍሮ ቤቱን ዘጋ። አንድ ቀን ሁለት ቀን ሲል ጊዜው አለፈበት። ያለፈበት ለቅሶ ደግሞ ታውቂያለሽ፣ በቆየ ቁጥር ሞረድ እንደላሰው ቢላ እየሰላ ይሄዳል።

«በባዶ እጄ ፊቱን አላይም» አለኝ። «ቦራ ተነስታ፣ ድንኳኑን ጭኜ፣ በሩ ላይ ካቆምኳት በኋላ ያን ጊዜ እገባለሁ።»

እሱን ትቼ እንደገና አያ ውበቱ ጋ ሮጥኩ። አያ፣ ሰውዬው እኮ በድንኳኑ አፍሮ ነው አልኩት። የተናገረውን በጆሮሽ ብትሰሚው።

«እኔ ድንኳን ጠበቅሁ? እሱን ነው የጠበቅሁት።»

ይህንን ተሸክሜ ደግሞ አያ ደምለው ጋ። ሰውዬው ድንኳን አልፈልግም ብሏል፣ አንተን ነው የፈለገው አልኩት። ለወጉ ነው እንዲህ የሚለው ብሎ እጁን አወናጨፈ። አጥሩ እኮ አንድ ነው እታለም! አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው ይማርህ የሚልበት አጥር ነው። እኔ እንደ ውሻ እዞራለሁ፣ እነሱ ሁለቱ በእንጨት ተከልለው ያኮርፋሉ። ቀን ድንጋይ መሸከሜ አልበቃ ብሎ የሰው ኩርፊያ ልሸከም? ድንጋይስ ሲደክምሽ ታወርጂዋለሽ።

እስቲ አንቺ ቁጠሪው። አያ ደምለው ያለ ቦራ ለቅሶ አልደርስም አለ፣ አያ ውበቱ ያለ ደምለው አህያ አልሰጥም አለ፣ ከሰሉ ያለ አህያ አልወጣም አለ፣ እሳቱ ያለ ከሰል አልነድም አለ፣ ራዲያተሩ ያለ እሳት ውሃ አልይዝም አለ፣ ቦራ ያለ ራዲያተር አልነሳም አለች። ቦራ እንድትነሳ ቦራ መነሳት አለባት። ይህን ዓይነት ነገር የት አይተሽ ታውቂያለሽ? እባብ እንኳ ጅራቱን ሲነክስ ያመዋል፣ እነዚህ አያማቸውም። እማ ደግሞ ነጠላዋን አጣፍታ ደጅ ላይ ተቀምጣለች።

መሸ። ወደ ቤት አስገባኋትና ሁሉንም ነገርኳት። ከቦራ ጀምሬ ቦራ ላይ ጨረስኩ። ስትሰማ ቆይታ፣ ደምለው ቤቱ ነው? ብላ ጠየቀችኝ። ነው አልኳት። ውበቱስ? እሱም አልኳት። በል ተኛ አለችኝ። በቃ።

ዛሬ ማለዳ ቀስቅሳ ወደ ቦራ ምራኝ አለችኝ። ምን ልታደርጊ ነው ብላት፣ ለቅሶ ልደርስ አለች። የማን ለቅሶ? የቦራ። እማ ተይ፣ ሟርት ነው፣ ሰው ምን ይላል አልኳት። እጄን ያዝ አድርጋ፣

«ልጄ፣ ሁሉም እምቢ ብሏል። የኔም ዓይን ማየት እምቢ ብሏል። ማልቀስ ግን እምቢ አላለም» አለችኝ።

መራኋት። ግቢው ዝም እንዳለ ነው፣ አያ ደምለው ገና በሩን አልከፈተም። ቦራ አጠገብ አቆምኳት። በእጇ ኮፈኗን ዳሰሰች፣ ወረድ ብላ የፊት መብራቷን ዳሰሰች። መስታወቱ ከመቆየት ብዛት ደፍርሶ ወተት መስሏል። እኔ አልነገርኳትም፣ ግን ጣቷ እዚያ ላይ ቆየ። ከዚያ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች። የእማን ሙሾ አንቺ ታውቂዋለሽ፣ ድንጋይ ያስለቅሳል። እኔ ድንጋይ ነው የምሸከመው፣ ምስክር ነኝ።

«ስንቱን ለቅሶ ደርሰሽ፣ ስንቱን ድንኳን ጭነሽ፣
ያንቺ ቀን ሲመጣ፣ አልቃሽ አጥተሽ ቀረሽ» አለች።

አያ ደምለው በጋቢው በሩን በርግዶ ወጣ። ምንድነው፣ ተይ እንጂ እትዬ እንጉዳይ፣ አልሞተችም እኮ ይላል። እማ መቼ ትሰማዋለች፣

«ቦራ ተጋደመች፣ ጌታዋም በር ዘጋ፣
የቆመ ከሞተ፣ ማን ይለየው ሲነጋ» አለች።

አሁን አስቢው። ማለዳ ነው። ከአያ ደምለው ግቢ ሙሾ ይወርዳል። ጌታዋ ምናምን ሲባል በአጥር አልፎ ይሰማል። እዚህ አገር ሰው ሙሾ ከሰማ ማን ሞተ ብሎ ይጠይቃል እንዴ? ይሮጣል እንጂ። ሮጠ። አንማው ሽርጡን እንዳሰረ መጣ። እትዬ ጠጅቱ ነጠላዋን ገልብጣ መጣች፣ ትናንት በጭራሽ ገደል የማያስወጣት ወገቧ ዛሬ ዳገቱን አስሮጣት። ካባው ላይ የነበሩት ሰዎች ዲጂኗቸውን ጥለው መጡ። ሁሉም «ወይኔ ደምለው! ወይኔ ደምለው!» እያለ። አያ ደምለው ደግሞ መሀላቸው ጋቢውን ለብሶ ቆሟል። አንዳንዱ አይቶት እንኳ ማልቀሱን አላቆመም፣ የጀመረውን ሊጨርስ።

ከሁሉ በፊት ግን የመጣው ማን ይመስልሻል? አያ ውበቱ። በበሩ እንኳ አልዞረም፣ አጥሩን ጥሶ ነው የገባው። እሾህ ፊቱን ቧጭሮታል። «ወንድሜን! ወንድሜን! ተኮራርፈን ቀረን» እያለ፣ ደረቱን እየመታ፣ እንባው ጢሙ ላይ ይንቆረቆራል። ቀና ሲል አያ ደምለውን ፊት ለፊት አየው።

ደረቱን የሚመታበትን እጁን አወረደ።

«አልሞትክም?» አለው።

«አልሞትኩም» አለ አያ ደምለው።

«ታዲያ ማነው የሞተው?»

«ቦራ ናት» አለች እማ።

እኔ በቃ አለቀልን፣ አሁን ሁለቱም ተያይዘው እኛን ነው የሚደበድቡን ብዬ እማን በክንዷ ያዝኳት። አያ ውበቱ ቁጣ እንደጀመረው አይቼዋለሁ። ግን ምን ብሎ ይቆጣል? አልቅሶ ጨርሷል። ፊቱ በእንባና በደም ተበላሽቷል፣ አገር አይቶታል፣ ሊውጠው አይችል። ፊቱን ለመጥረግ እጁን ሲያነሳ አያ ደምለው ቀድሞት የጋቢውን ጫፍ ሰጠው።

«አንተ ለኔ በቁሜ አለቀስክልኝ» አለው። «እኔ ለአባትህ ሞተው እንኳ አላለቀስኩም።»

አለና መሬት ላይ ቁጭ ብሎ የእውነት አለቀሰ። ስማቸውን እየጠራ፣ ልጅ ሆኖ ከወንዙ እንዳወጡት እየቆጠረ። አያ ውበቱም አጠገቡ ቁጭ አለ። እማ እንግዲህ ሥራዋ ነው፣ ለሽማግሌው ሙሾውን አወረደችው፣ ቦራን ወዲያው ረሳቻት። ያ ሁሉ ሰው ለአያ ደምለው ብሎ መጥቶ ለአያ ውበቱ አባት አልቅሶ ተነሳ። ያለ ድንኳን፣ ፀሐይ ላይ።

ከዚያማ ማን ያቁመው። አያ ደምለው ለቅሶውን ደረሰ፣ አያ ውበቱ አህያውን ፈታ፣ አህያው ከሰሉን አወጣ፣ ከሰሉ እሳቱን አነደደ፣ እሳቱ እርሳሱን አቀለጠ፣ እርሳሱ ራዲያተሩን ደፈነ። ትናንት ቀን ሙሉ ለምኜ ያጣሁት ነገር፣ እታለም፣ ዛሬ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ በማልቀሱ አለቀ። እኔ አልናደድም? ትናንት ቢያለቅስ ምን ነበረበት? አንዳቸውም ደግሞ ደክሞሃል፣ ውሃ ጠጣ ያለኝ የለም። ለአንማውማ እንዲያውም ወናፉን እኔ ነፋሁለት፣ እሱ እየሳቀ።

ቆይ… አቤት? እየመጣሁ ነው! እየጠሩኝ ነው፣ ባትሪው ቆሞ ስለሰነበተ ደክሟል፣ ገፍተን ነው የምናስነሳት። አታቋርጪው፣ ስልኩን ኪሴ ውስጥ እከተዋለሁ…

…አለሽ? ሰማሽው? አዎ፣ እሱ ድምፅ! ያ እንደ አሮጌ ሰው የሚያስለው እሷ ናት። እኔ፣ አንማው፣ እትዬ ጠጅቱ ሳትቀር፣ አያ ውበቱ ከኋላ ሆነን ገፋን፣ አያ ደምለው ሁለተኛ ማርሽ ሲያስገባ ተንፈራፍራ ተነሳች። ጭሷ ሁላችንንም አጠቆረን። ውሃ? ጠብ አላለም፣ ይዟል። አያ ውበቱም ከኋላ ተጭኗል፣ ለምን ትሄዳለህ ብለው፣ ደምለው ብቻውን ከተማ ይደናገረዋል ይላል። ትናንት ለዚያች መኪና የሚሆን አህያ የለኝም እያለኝ።

ደግሞ ይኼ አህያ! አላምንም። እታለም፣ አህያው መንገዱ መሀል ቆሟል። አልለቅም አለ። አያ ደምለው ክላክስ ያደርጋል፣ አህያው ጆሮውን ብቻ ያወናጭፋል። አያ ውበቱ ከላይ ሆኖ አትምቱት፣ እሱ በክብር ካልነገሩት አይሰማም ይላል። እስቲ ይኼን ደግሞ ለማን ልንገር?

በይ ልዝጋው፣ ሄጄ አህያ ልግፋ። እማ? እማማ ነጠላዋን አጣፍታ ጋቢና ውስጥ ተቀምጣለች። «አሁን ሞተር ሰማሁ» ብላሻለች። ወረፋውን እንዳትለቂ።